የሼህ ይማም ሁለተኛዋ ነጥብ

ስለ ስደት የሚያወራ ሰው ሁሉ ከአገሩ የሚወጣው በሌሊት ነው። እኔም እንደ ደንቡ በሌሊት ልወጣ አስቤ ነበር። አይሱዙው እኩለ ሌሊት ይመጣል ተብሎ እናቴን አቅፌ አለቀስኩ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞርኩ አውፍ በሉኝ አልኩ፣ በልጅነቴ ለሰረቅኩት እሸት በቆሎ ሳይቀር ይቅርታ ጠየቅኩ። መኪናው አልመጣም። ነጋ። የበቆሎው ባለቤት በማለዳ ከች ብለው «ለመሆኑ ስንት እሸት ነበር ያልከኝ?» አሉ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሌሊቱን ተላቅሰን የተለያየን ሰዎች አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠን ዐይን ለዐይን ላለመተያየት ወጡን እያየን በላን። እናቴ እንጀራ ስትጨምር «አሁንም አለህ?» አለችኝ። ሰባት ሰዓት ላይ በጠራራ ፀሐይ አይሱዙው ጥሩምባውን ነፋ። እናቴ ሁለተኛ ማልቀስ ስላቃታት ማማሰያውን አወዛወዘችልኝ።

እንደዚህ ነው የወጣሁት።

የማጋንን ሰው መሆኔን ሰፈሩ ያውቃል። ከደሴ እስከ ባቲ ያለውን መንገድ ሳወራ ሦስት ጎማ ፈነዳ እላለሁ፤ የፈነዳው አንድ ነው። ጅቡቲ በረሃ ላይ አነጋገርኩት የምለው ቀበሮ አላናገረኝም፣ ዝም ብሎ ነው ያየኝ። ስለ ባሕሩና ስለ ጀልባው ግን ምንም አልጨምርም። እሱ ራሱ በቂ ተጋኗል።

ጅዳ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። የኛ አገር ፀሐይ ሰው ታሞቃለች፤ የጅዳዋ ትመረምራለች፤ አናትህ ላይ ቆማ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የምትጠይቅህ ነው የሚመስለው። ምግቡ ሩዝ ነው። ሩዙ ጥሩ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥሩ ነው። ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዦችና የመጋዘኖች ሰፈር ስምንት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። ጣራው ላይ አንድ ማራገቢያ አለ። አከራያችንን ጠርቼ «ይሄ ነገር እኮ አይዞርም» አልኩት።

«አንተ መቼ ገባህ?» አለኝ።

«ትናንት።»

«እሱ እዚህ ከገባ አሥር ዓመቱ ነው። ደክሞታል» ብሎኝ ሄደ።

ጋራዥ ሠራሁ፣ ከዚያ ወደብ ላይ ዕቃ ተሸከምኩ። ኢቃማዬን እንዴት እንዳገኘሁ ሌላ ጊዜ የምተርከው ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። ብቻ አንድ ቀን ከፊሌ፣ ፈቃዴ በስሙ ያለው አሠሪዬ፣ ጠራኝና «ዕቃ ሳትሰብር የምትሸከመው አንተ ነህ አሉ። ሙዚየም ሰው ይፈልጋል፣ ያላ» አለኝ።

አገር ቤት ላላችሁ ላስረዳ። ሙዚየም ማለት ለሰው የሚያሳየው ጥቂት፣ የሚደብቀው ብዙ የሆነ ቤት ነው። የሚታየው መሃል ከተማ በመስታወት ውስጥ ይቆማል፤ የተቀረው እኛ ጋ፣ ፔትሮሚን፣ በጎማ ሠሪና በበያጅ መሃል ባለ መጋዘን ውስጥ በሳጥን ይተኛል። ከተኛው አንዱን ቀርቦ ማየት የሚፈልግ ሰው ፎርም ይሞላና መውዒድ ይይዛል፤ ቀጠሮ ማለት ነው። በቀጠሮው ቀን እኔ ጓንት አድርጌ ሳጥኑን አመጣለሁ፣ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሰውየው አንድ ሰዓት ያያል፣ እኔ ሰውየውን አያለሁ፣ ከዚያ መልሼ አስተኛለሁ። ዕቃዎቹ ኤሲ አላቸው። እርጥበታቸው በየሰዓቱ ይለካል። የኔን እርጥበት እስካሁን የለካው የለም።

ኃላፊያችን ኡስታዝ ጠላል ነው። ፎርም የሚወድ፣ ደግ፣ ሲጽፍ ምላሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰው ነው። የተጎዳ ወረቀት የምታክመው ደግሞ ግብፃዊቷ ዶክተራ ሐናን ናት፤ ከብራና ጋር ስትነጋገር ሰምቻታለሁ፤ ከኛ ጋር ብዙም አታወራም።

አንድ ቀን ዶክተራ ሐናን አንድ ኪታብ አስመጣችኝ። መዳፍ የምታክል፣ ቆዳዋ የተላጠ። መካ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከግድግዳ ቁም ሳጥን የተገኘች ናት። ሳጥኗ ላይ «ጥልሰም ሳይሆን አይቀርም። አይነበብም» ተብሎ ተለጥፏል። አንድ እንግዳ ፕሮፌሰር መጥተው ከዶክተራዋ ጋር ግማሽ ሰዓት አፈጠጡባት።

«ፊደሉ ጥርት ያለ ዐረብኛ ነው። ቃሉ ግን ምንም ማለት አይደለም» አሉ ፕሮፌሰሩ።

እኔ ቁርአን ቤት እስከ ቃፍ ድረስ ተምሬ የጠፋሁ ሰው ነኝ። ፋ አንድ ነጥብ፣ ቃፍ ሁለት ነጥብ፤ ይህቺን በአርጩሜ ነው ያስገቡብኝ፤ ከዚያ በአጥር ዘለልኩ። የቀሩትን ፊደሎች ከጅዳ የሱቅ ታፔላ ነው የጨረስኩት። እንግዲህ ቆሜ ዕቃ እየጠበቅኩ ዐይኔ ገጿ ላይ ወደቀ፤ አፌም እንደ ልማዱ ሳያስፈቅደኝ ቆጠረ፦ «እ... ና... ን... ተ... ወ... ዳ... ጆ... ቼ...»

ሳቄ አመለጠኝ። የማይነበበው ጥልሰም አማርኛ ነው! አማርኛ በዐረብ ፊደል፤ የኛ አገር ሼሆች መንዙማ የሚጽፉበት ዐጀሚ። ሁለት ሊቃውንት ላባቸው እስኪወርድ የታገሉትን ነገር አንድ ከቁርአን ቤት የኮበለለ ተሸካሚ «እናንተ ወዳጆቼ» ብሎ ሰላም አለው። ቀጥሎ ያለውን መስመር ስቆጥር ግን ሳቄ ቆመ። «እኔ ይማም» ይላል።

ሼህ ይማምን በኛ ወረዳ የማያውቅ የለም። ሐጅ ሊሄዱ ስንቃቸውን ይዘው በእግር ተነስተው አንድ ቀን ሙሉ ከተጓዙ በኋላ ሚስታቸው ፋጡማ ምጥ ጠናባት፣ ልትሞት ነው የሚል መልእክት ደረሳቸው። ተመለሱ። ፋጡማም ተረፈች፣ ልጅቱም ተወለደች፤ ሐጁ ግን ቀረ፤ ሁለተኛም አልተሳካ። ሲያረጁ መንዙማቸውን በኪታብ ጻፉና መካ ለሚሄድ ሰው ሰጡት፤ እሳቸው ባይደርሱ ቀለማቸው እንዲደርስ። ኪታቡን ያስረከቡ ዕለት መጨረሻዋን ስንኝ ጨምረው አንዴ ብቻ ጮክ ብለው አዜሟት፦

ደጁ ስትደርሱ ስሜን ጥሩልኝ፤
ከመንገድ የዞረ እግሬን ይቅር በሉልኝ።

ወይም፦

ከመንገድ የዞረ እግሬን ይፈር በሉልኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሼህ ይማም ያኔ የፊት ጥርስ አልነበራቸውም። ቅም ሆነ ፍ ከአፋቸው ሲወጣ አንድ ነበር። እሳቸው በዚያው ክረምት ሞቱ፤ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ይቅር ባዮች አሉ፣ ይፈር ባዮች አሉ። በሰርግ ላይ መንዙማው እዚያ ሲደርስ ድቤው ይቆማል፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ይጮሃል። ለሰፈሩ ጨዋታ ነው። ለእማማ ፋጡማ ግን ጨዋታ አይደለም። እግራቸው የዞረው ለሷ ነው። ይቅር ካሉ በሰላም ሞተዋል፤ ይፈር ካሉ እድሜ ልካቸውን በመመለሳቸው ሲያፍሩ ኖረው፣ አንድም ቀን ሳይነግሯት አጠገቧ ተኝተዋል። ይህን ነው ከአርባ ዓመት በላይ የምታኝከው።

በዐጀሚ ሲጻፉ ደግሞ ሁለቱን ቃሎች የሚለያቸው አንዲት ነጥብ ናት። ፋ አንድ፣ ቃፍ ሁለት።

ያን ጊዜ በምጥ የተወለደችው ልጅ ዘይነባ ናት። የት እንዳለች ታውቃላችሁ? መካ። ዛሂር ሰፈር፣ አንድ ማዳም ቤት፣ ሃያ ዓመት። አባቷን ከመካ ያስቀረች ልጅ መካ ተቀምጣ ሳህን ታጥባለች። ደወልኩላት።

«ዘይነባ፣ የአባትሽ ኪታብ እኔ ጋ ናት።»

«ሰይድ፣ የተረገምክ፣ በዚህ አትቀልድ።»

«ወላሂ!»

«ያንተ ወላሂ እኮ ርካሽ ነው።»

የመጀመሪያውን ገጽ ያስታወስኩትን ያህል አነበብኩላት። «የመጨረሻውን ገጽ አየኸው?» አለች።

«ገጽ መግለጥ ለኔ ክልክል ነው። ያለ መውዒድ ደግሞ ፎቶም የለም።»

«እንግዲያው ቶሎ አስይዝልኝ። ኹሩጄ፣ የመውጫ ቪዛዬ፣ ተመቷል። ሐሙስ አገሬ እገባለሁ። እማን ባዶ እጄን አላገኛትም።»

ዕለቱ እሑድ ነበር።

ኡስታዝ ጠላል ፊት ሰኞ በጠዋት ቆምኩ። ኪታቧ አማርኛ መሆኗን፣ ማንበብ የምትችል ሴትም መካ እንዳለች ነገርኩት። ፎርሙን ጎትቶ ምላሱን አወጣ።

«ያለ ተቋም መውዒድ የለም። ከየትኛው መዕሀድ ናት?»

መዕሀድ በዐረብኛ የትምህርት ተቋም መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ጆሮዬ የሰማው ማዕድ ነው። ሰውየው ከኛ ጋር ሲውል አማርኛ ለመደ ብዬ ደስ አለኝ።

«አይዋ፣ ማዕድ ቤት ናት» አልኩት።

«የት ነው መዕሀዱ?»

«መካ፣ ዛሂር።»

«ስንት ዓመት ሠራች?»

«ሃያ።»

«ማሻአላህ! ከሥሯ ሰው አለ?»

«አንዲት ኢንዶኔዥያዊት ነበረች። ጨርሳ ሄደች።»

«ተመርቃ» አለና ጻፈ። «የምርምር መስኳ ምንድን ነው?»

ይህኛው ትንሽ ግራ አጋባኝ። «ሁሉንም ትችላለች፤ በተለይ ግን...» ብዬ ሳስብ እሱ ራሱ «ጥንታዊ ጽሑፍ» ብሎ ሞላውና ማህተሙን መታ። ረቡዕ፣ አራት ሰዓት፣ ዶክተራ ዘይነባ ይማም፣ የዛሂር መዕሀድ።

ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት የሚሉ አሉ። በአላህ ስም እላችኋለሁ፣ የገባኝ ከማህተሙ በኋላ ነው። ከገባኝ በኋላ ዝም ማለቴን ግን አልክድም።

የቀረችው ማዳሟ ናት። ዘይነባ እንደነገረችኝ ከሆነ እንዲህ ሆነ።

«ሙዚየም ምን አለሽ አንቺ?» አለቻት።

«የአባቴ ኪታብ አለ።»

«አባትሽ ምን ነበር?»

«ሼህ። ዓሊም።»

ማዳሟ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። የጠየቅሽኝ ሞሎኺያ ወጥ እንደምሠራ ነው።»

ማዳሟ ሾፌሯን ሰጠቻት።

ረቡዕ ዘይነባ አዲስ ዐባያ ለብሳ መጣች። ጋራዦቹን አልፋ ስትገባ የሽንኩርት ሽታ እንዳይኖርባት ሦስቴ ታጥቤያለሁ አለችኝ። ኡስታዝ ጠላል በር ላይ ተቀበላት። «አህለን ዶክተራ።» ዘይነባ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ዶክተራዋን ፈለገች።

«አንቺ ነሽ፣ ዝም በይና ግቢ» አልኳት በአማርኛ።

«ምን አድርገህ ነው አንተ ቀጣፊ?»

«ኋላ እነግርሻለሁ።»

ደንቡ ይነበብላት ጀመር። ቦርሳ በሳጥን ይቆለፋል፣ እስክሪብቶ የለም፣ ስልክ የለም፣ ሰዓቱ ሲሞላ ኸላስ። ዶክተራ ሐናንም «መጀመሪያ እጅሽን ትታጠቢያለሽ» አለቻት።

«ሃያ ዓመት ሌላ ምን ሠራሁ?» አለች ዘይነባ፤ ታጠበችም።

ሳጥኑን አመጣሁ። በዚህ ሥራ አንድም ዕቃ ጥዬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ሁለቴ ቆሜ አያያዜን አስተካከልኩ። ኪታቧን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ። ዶክተራ ሐናን የመጀመሪያውን ገጽ በአጥንት ማንኪያ በመሰለች ነገር ገለጠች። ዘይነባ ቢስሚላህ አለችና ከፈተችው፤ አፏን ማለቴ ነው። መንዙማ በንባብ አይሄድላትም። በዜማ ነው ያደገችው፣ በዜማ ለቀቀችው።

ኡስታዝ ጠላል ከወንበሩ ተነሳ። «ዶክተራ፣ እዚህ መዝፈን ክልክል ነው!»

«እያነበበች ነው» አልኩት።

«ይሄ ንባብ ነው?»

«የኛ መዕሀድ አነባበብ ነው።»

ዶክተራ ሐናን እጇን አነሳችና ዝም አሰኘችን። ስድስት ወር ሙሉ አይነበብም ስትለው የኖረችው ነገር ጆሮዋ ሥር እያዜመ ነው። «ነቢ» ስትል ትሰማለች፣ «መዲና» ስትል ትሰማለች። ገጽ ስትገልጥ እጇ ከዜማው ጋር ይሄድ ጀመር። በያጁ ማዶ ብረት ይመታል፤ ወላሂ እሱም ምቱን አልሳተም። (ይህቺን ጨምሬያታለሁ።)

መጨረሻው ገጽ ላይ ዘይነባ ቆመች።

ደጁ ስትደርሱ ስሜን ጥሩልኝ። ከመንገድ የዞረ እግሬን። ከዚያ ቃሉ። ጎንበስ አለች። ዐይኗ በክሎሪን ደክሟል፤ ዶክተራ ሐናን ማጉያ መነጽሩን አመቻቸችላትና መብራቱን አቀረበች።

«አንድ ነጥብ አለ» አለች ዘይነባ። «ሰይድ፣ ና እስቲ፣ አንድ ነው የሚታየኝ።»

ለኔ ክልክል ነው። ኡስታዝ ጠላልን አየሁት። ጣራውን ማየት ጀመረ። ቀረብኩ።

አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ጥርት ያለች። ከጎኗ፣ ሁለተኛዋ ልትኖርበት በሚገባት ቦታ ላይ፣ ቀዳዳ አለ። ክብ። የነጥብ ያህል።

«ብል ነው» አለች ዶክተራ ሐናን።

«ብሉ የበላው ነጥቡን ነው ወይስ ባዶ ወረቀት?» ብዬ ጠየቅኳት።

መነጽሩን ወስዳ ብዙ አየች፤ ወረቀቱን በብርሃን ላይ አየች፤ ከሥር አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አናገረችኝ። «አላውቅም፣ ሰይድ። ብል ቀለም ያለበትንም ይበላል፣ የሌለበትንም ይበላል። የዳር ቀለም ቢቀር እነግርህ ነበር። አልቀረም።»

ኡስታዝ ጠላል ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆየን። ቀዳዳው ቀዳዳ ነው።

ውጭ ወጥተን ጎማ ሠሪው ደጅ ጥላ ሥር ቆምን። ዘይነባ ስልኳን አወጣች። «እማ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ይዛ ተቀምጣለች።» ደወለች። ከወዲያ ማዶ ዶሮ ይጮሃል፣ የሆነ ሰው ውሃ ይቀዳል፤ የኛ አገር ቀትር ነው። «እማ» አለችና ስልኩን እጄ ላይ ወረወረችው።

«ማነው?» አለች እማማ ፋጡማ።

«ሰይድ ነኝ፣ እማማ።»

«ያ ዋሾው?»

«አዎ፣ እሱው።»

«አየኸው?»

«በዐይኔ።»

«አንድ ነው ሁለት?»

እንግዲህ እኔ አንዱን ጎማ ሦስት ያደረግኩ ሰው ነኝ። ጅዳ ስገባ የተቀበለኝ አሚር ነው ብዬ ለሰፈሩ የጻፍኩ ሰው ነኝ። አንዲት ነጥብ ብቻ ነው የምጨምረው፤ ከዚያ በላይ ማንም አልጠየቀኝም። ዘይነባ ዐይኗን ጨፍና ሁለት ጣቷን አነሳችልኝ። አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ።

«አንዱ በቀለም ነው፣ እማማ» አልኳት። «አንዱ ቀዳዳ ነው። ብል ነው።»

ከወዲያ ማዶ ዶሮው ጮኸ።

«ቀዳዳው ከነጥቡ ጎን ነው?»

«ጎን ለጎን።»

«ልክ ባልና ሚስት እንደሚተኙት?»

«ልክ እንደዚያ።»

«በል» አለች። «ቀዳዳውን ለኔ ተዉልኝ።»

ዘይነባ ሐሙስ በረረች። ሳጥኑ ላይ ያለው ወረቀት ተቀይሯል፤ «መንዙማ፣ ወሎ፣ በአማርኛ። ንባብ፦ ዶክተራ ዘይነባ ይማም፣ የዛሂር መዕሀድ» ይላል። እስካሁን ያረመው የለም፤ እኔም አልቸኩልም። ሰፈሩ ግን አሁን ሦስት ወገን ሆኗል አሉ፤ ይቅር ባይ፣ ይፈር ባይ እና ብል ባይ።

እማማ ፋጡማ ጁምዓ ጁምዓ ታስደውልልኛለች። ሰላምታ የለም፣ ሥራ እንዴት ነው የለም፣ ሙቀቱ የለም። «እንዴት አደረ?» ትለኛለች። ስለኔ እንዳይመስላችሁ።

«ደህና ነው» እላታለሁ።

«አልሰፋም?»

«አልሰፋም። በኤሲ ነው ያለው።»

«በል ልጄ፣ ደግመህ እይልኝ» ትለኛለች። «ብርሃኑን ከግራ አድርገህ።»